ጋሼ ዳርጌና የአረጋሽ ጣሪያ

ቤት በሚሠራበት አገር ሁሉ ያልተጠራ አንድ ሰው አለ። እንጨት ሲቆረጥ የለም፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የለም፣ ጭቃ ሲረገጥ የለም። ምሰሶው ቆሞ፣ ሰው ላቡን ጠርጎ እፎይ ሊል ሲል ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል። አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ጊዜ ጠዋት ሙሉ ሲለፋ የዋለው ሰው ሁሉ እንደ ተከሳሽ ዝም ይላል።

ይህ ሰው የሌለበት መንደር ካለ ቤት የሌለበት መንደር ነው። በእኛ በኩል፣ ከጂንካ በላይ ወደ ባኮ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ይህ ሰው ጋሼ ዳርጌ ይባሉ ነበር። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር የምሰሶ፣ የማገርና የጣሪያ ጠቅላይ ተመልካች ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም። የነጠቃቸውም የለም።

"እኔ ምንም አልልም" ይላሉ መጀመሪያ። ይህን ሲሉ ሰው ሁሉ የያዘውን ያስቀምጣል፤ ብዙ ሊሉ እንደሆነ ያውቃላ። "እኔ ምንም አልልም። ቤቱ የሰው ነው። ግን..." አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። "ጠምሟል።"

ያልጠመመላቸው ቤት የለም። አዲስ ቤት ሲመረቅ፣ ጸሎት ላይ እንኳ የሚመርቁት ሽማግሌ "ዓይናችንን እንጨፍን" ሲሉ ጋሼ ዳርጌ አንዱን ብቻ ነው የሚጨፍኑት፣ በሌላው ወጋግራ ያያሉ። ከ"አሜን" ቀጥሎ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነው፦ "ያ ሦስተኛው ግን ለምን እንዲህ ሆነ?"

የራሳቸው ቤትስ ካላችሁ፣ የራሳቸው ቤት በሁለት ባላ ተደግፎ ነው የቆመው። ነፋስ ሲመጣ ሚስታቸው ልጆቹን ይዛ ውጪ ትቆያለች ይባል ነበር። አንድ ቀን ሰው ደፍሮ ጠየቃቸው።

"ጋሼ፣ የሰውን ቤት እንዲህ እያዩ የራስዎ ለምን ወደቀ?"

"አልወደቀም" አሉ። "ደግሞም እኔ የሰው አይቼ ሳበቃ፣ የኔን የሚያይልኝ ሰው ማን አለኝ?"

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። ብቻቸውን ሆነው መንደሩን እንደተሸከሙ ነበር የሚያስቡት።

እንዲህም ሆኖ፣ አሁን ቆይቶ ሲታሰብ፣ መንደሩን መንደር ያስመሰለው የሳቸው ጭቅጭቅ ነው። በር ከበር አይፋጠጥም ይላሉ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ድስት እንዳያይ። የጣሪያው ክፈፍ ዝቅ ይበል ይላሉ፤ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሀብታምም ቢሆን፣ ጎንበስ ብሎ እንዲገባ። እንሰት ከኋላ ነው እንጂ ከፊት አይተከልም፣ ቤት ፊቱን መሸፈን የለበትም። አንዱ አስተማሪ ከጂንካ ቆርቆሮ አስጭኖ ሲመጣ ጋሼ ዳርጌ መንገድ ላይ ቆመው "ዝናብ ሲመጣ ከሚስትህ ጋር በምን ልትነጋገር ነው?" አሉት። አልሰማቸውም። ክረምት ሲገባ ባልና ሚስቱ ለመነጋገር ጎረቤት ቤት ይመጡ ጀመር። ይህ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ደንቡ ጋሼ ዳርጌ ነበሩ።

እኚህን ሰው ከማንም በላይ የምታውቃቸው ግን አረጋሽ ናት።

አረጋሽና ባሏ ኤርሳዶ ጎጆአቸውን ሲሠሩ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ኤርሳዶ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ሳር ሲከድን ጋሼ ዳርጌ መጡ። ቆሙ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ኤርሳዶ፣ እኔ ምንም አልልም" አሉ።

"እንግዲያው አይበሉ ጋሼ!" አለ ኤርሳዶ ከላይ።

"ግን በበሩ በኩል ጠምሟል።"

እውነት ለመናገር ጠምሞ ነበር። ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ እንዳደረገ ሰው፣ ጣሪያው በበሩ በኩል ዘንበል ብሏል። ኤርሳዶም አይቶታል፤ ግን ጋሼ ዳርጌ ከተናገሩት በኋላ ማን ያስተካክለዋል! እንደዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ዳርጌ በደጃቸው ባለፉ ቁጥር መጀመሪያ ጣሪያውን ያያሉ፣ ቀጥሎ ሰውን ሰላም ይላሉ። "እንዴት አደራችሁ? ያው ነው አይደል?" ነው ሰላምታቸው። ኤርሳዶ ሞቶ ለቅሶ ሲደርሱ እንኳ፣ አረጋሽ በሐዘን ተቀምጣ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉና ዓይናቸው ሽቅብ ሄደ። አረጋሽ ለቅሶዋን አቋርጣ፣

"ጋሼ ዳርጌ፣ ዛሬ እንኳ!" አለቻቸው።

"ምን አልኩ? ምንም አላልኩም" አሉና ወጡ።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ዘመቻ መጣ። ዳገት ለዳገት ተበታትኖ የሚኖር ሰው ሁሉ ወርዶ ሜዳው ላይ በመስመር እንዲሰፍር ተባለ። የዘመቻው ሰው ጓድ ጥላሁን የሚባል ወጣት ነበር። ገመድና ችካል ይዞ መጥቶ ሜዳውን እንደ ደብተር አሰመረው። ቤት ሁሉ በመስመር፣ በር ሁሉ ወደ መንገዱ። በር ከበር እንዲፋጠጥ!

ጣሪያን በሚመለከት የተነገረው እንዲህ ነው። ቀጥ ያለና ያልበሰበሰ ጣሪያ እንዳለ ተነስቶ፣ በሰው ትከሻ ወርዶ፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። የጠመመ ከሆነ ግን ይፈርሳል፤ እንጨቱ ለጋራ ይሆናል፤ ባለቤቱ ተራው ሲደርስ አራት ማዕዘን ቤት ይሠራለታል። ተራው መቼ እንደሚደርስ ጓድ ጥላሁንም አያውቅም።

አረጋሽ ይህን ሰምታ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። ቀና ብላ አየች። እያንዳንዱን ቋጠሮ ያሰረው ኤርሳዶ ነው። ማሰሪያውን በጥርሱ ይዞ፣ በግራ እጁ ጠምዝዞ የሚያስርበት የራሱ አስተሳሰር ነበረው፣ ሌላ ሰው እንደዚያ አያስርም። ከኤርሳዶ የቀራት ይኸው ነው። የሳር ወራቱም አልፏል፤ ጣሪያው ከፈረሰ ክረምቱን የምትጠለልበት የላትም።

ይህ እንዳይበቃት፣ የትኛው ጠምሟል የትኛው አልጠመመም ብሎ የሚመሰክር ከገበሬ ማኅበሩ ሰው ይመረጥ ተባለ። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ለቀልድ "ጋሼ ዳርጌ!" አለ። ሰው ሳቀ። እየሳቀም እጁን አወጣ። ስብሰባ ላይ አንዴ የወጣ እጅ ደግሞ ለቀልድ ነው ቢባል ማን ይሰማል? ጋሼ ዳርጌ የጣሪያ መርማሪው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የነበረ ሹመት ስለሆነ አልሳቁም። በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

የመጀመሪያው ቤት የአለምነሽ ነበር። አለምነሽ ልጆቿን ይዛ ደጅ ቆማለች። ጋሼ ዳርጌ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው፣

"ጠምሟል" አሉ።

ከኋላ የተከተሉት ጎረምሶች ወዲያው ጣሪያው ላይ ወጡ። ሳሩ መውረድ ጀመረ። ጋሼ ዳርጌ መጀመሪያ አልገባቸውም። "ቆይ፣ ቆይ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?" አሉ። "ጠምሟል ብለዋል እኮ" አለ ጓድ ጥላሁን። "ማለቴማ... እኔ ማለቴ..." አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠምሟል ሲሉ ኖረው አንድ ቤት ፈርሶ አያውቅም። እንዲያውም ሰው ስቆ፣ ተሳድቦ፣ ትንሽ አቃንቶ፣ የቡና ቅጠል ሻይ አጠጥቶ ነበር የሚሸኛቸው። አሁን ቃላቸው እንጨት ይሰብራል።

የዚያን ቀን ጋሼ ዳርጌ የአለምነሽን ወጋግራ ተሸክመው ሲወርዱ ታዩ። እንጨት ሲሸከሙ የታዩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ የአረጋሽ ቤት ነበር።

አረጋሽ ማልዳ ተነስታ ለመለመን አስባ ነበር። ግን ለቅሶ ላይ የተናገረቻቸው ትዝ እያላት አፏ እምቢ አለ። ደግሞ ምን ብላ ትለምናለች? ሌላው ሰው ሁሉ ቢረሳ እሳቸው የማይረሱት ነገር ቢኖር የዚህ ጣሪያ መጥመም ነው። በሩ ጋ ያለውን ቋሚ ይዛ ቆመች።

ጋሼ ዳርጌ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አላደረጉም፤ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዴ ኪሳቸው ይከቱታል፣ አንዴ ያወጡታል። ቤቱን ዞሩት። እንደገና ዞሩት። መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ያያል። ጣሪያው ያው ነው፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ቆሟል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸኛውስ?" አለ ጓድ ጥላሁን።

"እኔ ምንም አልልም" አሉ ጋሼ ዳርጌ።

አረጋሽ ዓይኗን ጨፈነች።

"ቤቱ የሰው ነው። ግን..." ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግን ቀጥ ያለ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለው። አረጋሽ ዓይኗን ገልጣ ጋሼ ዳርጌን አየቻቸው፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ የሚያዩት መሬት ነው። ይህን ቃል ስለማንም ቤት ተናግረው አያውቁም። ሲናገሩት ሌላ ሰው በሳቸው አፍ የተናገረ ይመስል ነበር።

ጓድ ጥላሁን ጣሪያውን አየ። አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በበሩ በኩል ያዘነበለ አይመስልዎትም?"

"ጓድ፣ ያዘነበሉት እርስዎ ነዎት" አሉ ጋሼ ዳርጌ። "አንገትዎን ያቅኑ።"

ጓድ ጥላሁን አንገቱን አቀና። ጣሪያው አልቀናም። ወደ አረጋሽ አየ፤ ቋሚውን እንደያዘች ናት። ወደ ጋሼ ዳርጌ አየ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እሱም የሆነ ቦታ ከነጎጆዋ የተዋት እናት ነበረችው። ትንሽ ፈገግ አለ።

"እውነትዎን ነው" አለ። "አንገቴን ሳቀናው ቀጥ አለ። ይሂድ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቤቶች በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጋሼ ዳርጌ ቀጥ ያለ ነው አሉ። የባሰ የጠመመ ቢመጣ "እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ነው!" ነው የሚሉት። ጓድ ጥላሁንም እየቆየ አንገቱን ማቅናት ለመደ።

ያን ሰሞን ከሩቅ ሆኖ ዳገቱን ያየ ሰው ጣሪያዎች እግር አውጥተው የሚወርዱ ይመስለው ነበር። ከጣሪያው ሥር ሰው አይታይም፣ እግር ብቻ ነው። ጋሼ ዳርጌ ፊት ፊት እየሄዱ "ግራ! ግራ! ኧረ የናንተ ግራ የት ነው?" እያሉ ይጮሃሉ። የአረጋሽ ጣሪያ ከዳገቱ ሥር ያለውን ወንዝ ሲሻገር የሞላው ውኃ አንዱን ተሸካሚ አንሸራተተው፣ ጣሪያው ሊወድቅ ሆነ፤ ጋሼ ዳርጌ ከነኮታቸው ዘለው ገብተው በትከሻቸው ያዙት። ሲወጡ ታዲያ "ማነው ያዘነበለው?" ብለው ተቆጡ።

ሜዳው ላይ አምስት ዓመት ያህል ተኖረ። ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በር ሁሉ በአንድ በኩል። ቦሼ የሚባለው ጎረቤት አንድ ምሽት ከገበያ መጥቶ ሰው ቤት ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ጎደሬውን በልቶ ሊጨርስ ሲል ነው ሴትየዋ ሚስቱ አለመሆኗን ያወቀው ይባላል። እሷም ዝም ያለችው ባሏ መስሏት ነው አለች።

አረጋሽን ግን ያስቸገራት ሌላ ነገር ነው። ጣሪያው አዲሱ ግድግዳ ላይም ያው ዘንበል እንዳለ ነው፤ ጋሼ ዳርጌ ግን በደጇ ሲያልፉ ቀና አይሉም። ጠዋት ማታ ያልፋሉ፣ "እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ" ይላሉ፤ ዓይናቸው መሬት ነው። በሰው ፊት ቀጥ ያለ ነው ብለው መስክረዋል፣ ቃላቸው ቃል ነው። የመጀመሪያ ሰሞን አረጋሽ ደስ አላት፣ ተገላገልኩ አለች። እየዋለ ሲያድር ግን ቅር ይላት ጀመር። ኤርሳዶን ከጣሪያው ላይ የሚያወርደው፣ የሚያሳድበው፣ ሕያው የሚያደርገው ያ የጋሼ ዳርጌ ጭቅጭቅ ነበር ለካ። አንዳንዴ ሆን ብላ "ጋሼ፣ ጣሪያዬን ምን ይሉታል?" ትላለች። "ቀጥ ያለ ነው" ይላሉ አንገታቸውን ደፍተው። ሲሉት ያማቸዋል።

እያደር ዓይናቸው ሞራ ጋረደው። ሚስታቸውም ሞተች። ልጃቸው ሐና ጂንካ ባል ነበራትና መጥታ ወሰደቻቸው።

ዘመቻው ተረሳ፤ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ዳገቱ መመለስ ጀመረ። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. አረጋሽም ተመለሰች። ጣሪያውን ተሸክመው ያወጡላት የኤርሳዶ የወንድም ልጅ ኤርጎና ጓደኞቹ ናቸው። ኤርጎ ጂንካ ውስጥ ከግንበኛ ጋር ሠርቷል፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይዞ ነው የሚሠራው። በበሩ በኩል ቋሚውን አስረዝሞ አቆመና ጣሪያው ሲቀመጥበት ቀጥ አለ። እንደ ሻማ ቀጥ አለ።

"እትዬ፣ አሁንስ?" አላት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። የሰው ቤት የገባች ይመስል ለመግባት አመነታች።

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ስትወርድ ጋሼ ዳርጌን ልትነግራቸው ሄደች። ጣሪያው ተቃንቷል፣ እርስዎም ከዚያ ምስክርነት ነፃ ወጡ ልትላቸው ነው። የሐና ቤት የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አጠገብ ነው። ጋሼ ዳርጌ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዙረዋል። አውሮፕላን ጮኾ አረፈ።

"ጠምሞ ነው ያረፈው" አሉ ለራሳቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አረጋሽ።"

"አረጋሽ! ተመለሳችሁ አሉ?"

"ተመለስን።"

"ጣሪያሽስ..." አሉና አቋረጡ፣ ያልተፈቀደ ነገር እንደነካ ሰው። "ማለቴ፣ በደህና ገባ?"

አረጋሽ ፊታቸውን አየች። በጣም ከስተዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ልትናገር ያሰበችውን ተወችው።

"ጉድ ሆኛለሁ ጋሼ" አለች።

"ምነው?"

"ጠመመ።"

ጋሼ ዳርጌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይሰማሉ እኮ" አሉ።

"ማን ይሰማል ጋሼ? ዘመቻው ቀርቷል። አሁን መናገር ይቻላል።"

"በየት በኩል ነው?"

"በበሩ።"

"በበሩ!" ፊታቸው በራ። "አላልኩም? ለኤርሳዶ አልነገርኩትም? ማነው ያቆመው?"

"ኤርጎ።"

"ያ ገመድ ይዞ የሚዞረው? ገመድ ምን ያያል!" ብድግ አሉ። "ሐና! ዱላዬን አምጪ!"

ሐና ከጓዳ ወጣች። "አባዬ፣ ዛሬ የሚወስድ መኪና የለም።"

"እንግዲያው ማክሰኞ እመጣለሁ" አሉ። "በዓይኔ ባላይ በእጄ እነካዋለሁ። ድሮ በበሩ በኩል ክፈፉ ጆሮዬ ጋ ነበር የሚደርሰው። ስሚ አረጋሽ፣ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው! ያበላሹታል።"

አረጋሽ እየሳቀች ወጣች። ዳገቱን ስትጀምር ሳቁ ለቀቃት፣ ማክሰኞ ሩቅ አልነበረም። ቤቷ እንደደረሰች ቀጥታ ኤርጎን ጠራችው።

"ኤርጎ፣ መጋዝህን ይዘህ ና። በበሩ በኩል ያሉትን ቋሚዎች ቁረጥልኝ።"

"ለምን እትዬ? እንዲህ ቀጥ ብሎ?"

"ጣሪያው ዘንበል ይበል።"

"እትዬ፣ ሰው ደህና ቤቱን ያጣምማል?"

"ጋሼ ዳርጌ ማክሰኞ ይመጣሉ።"

"ታዲያ ቀጥ ብሎ ቢያገኙት ደስ አይላቸውም?"

አረጋሽ ባላ አንስታ አቀበለችው። ኤርጎም ገባው መሰለኝ፣ ጓደኞቹን ጠርቶ ጣሪያውን በባላ ደገፈ፣ መጋዙን አነሳ።

"እስከ የት ልቁረጠው?"

"ክፈፉ ጆሯቸው ጋ እንዲደርስ።"

ኤርጎ የጋሼ ዳርጌን ቁመት አስታውሶ በእጁ ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ መጋዙን ምልክቱ ላይ አሳረፈ።

"ትንሽ ዝቅ አድርገው" አለችው አረጋሽ። "አርጅተው አጥረዋል።"